ቫዞ ከተቀየረለት በኋላ ቅጠሉን የሚያራግፍ ፊከስ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። ሳሎን ውስጥ ያሳደግሁት ፊከስ ሥሩ በቫዞው ቀዳዳ ስለወጣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ወደ ትልቅ ባልዲ አዛወርሁት። ከሥር ጠጠር አነጠፍሁ፤ የጓሮ ቀይ አፈርና ከቡና መፈልፈያ ያመጣሁትን ገለፈት እኩል በእኩል ቀላቅዬ ሞላሁት። ቶሎ እንዲያገግም አንድ እፍኝ ዩሪያ ጨመርሁለት። በረንዳ ላይ አውጥቼው ሲጠወልግ ወደ ሳሎን መለስሁት። ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ግን እየጠወለገና እየገረጣ ይረግፋል። እንደገና ልንቀለው? ቅርንጫፉን ልቁረጠው? ወይስ ማዳበሪያ ይጨመርለት?»

መልስ፦ ዛሬ ጠዋት ያጠጡት ውኃ ለጊዜው የመጨረሻው ይሁን። ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ቅርንጫፍም አይቁረጡ። «እንደገና ልንቀለው?» ለሚለው ግን ከወትሮው የተለየ መልስ እሰጥዎታለሁ። ቫዞ ቀይሮ የደነገጠ ሰው ሲጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ «ተወው፣ አትንካው» እላለሁ። የእርስዎ ፊከስ ግን ጉዳቱ ያለፈ አይደለም። የሚጎዱት ነገሮች አሁንም ባልዲው ውስጥ ስላሉ አንድ ጊዜ መውጣት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ነው «አትንኩት» የምልዎ።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከገባዎት የሚቀጥለውን ሁሉ ራስዎ ይወስናሉ።

ተክል ሲዛወር በመጀመሪያ የሚጎዳው ከዓይን የተሰወረው ክፍል ነው። ውኃ በብዛት የሚመጠው በወፍራሞቹ ሥሮች አይደለም፤ ከቀጫጭን ሥሮች ጫፍ አጠገብ በሚበቅሉ፣ በዓይን ለመለየት በሚያዳግቱ የሥር ፀጉሮች ነው። እነዚህ ፀጉሮች ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ስለሚኖሩ አፈሩ ሲራገፍ አብረው ይበጠሳሉ። ቅጠሎቹ ግን ከታች የሆነውን ሳይጠብቁ ውኃ ማትነናቸውን ይቀጥላሉ። ወጪው እንደ ቀድሞው ሆኖ ገቢው ሲቀንስ ተክሉ ይጠወልጋል፤ ፊከስ ደግሞ ወጪውን የሚቀንሰው ቅጠሉን ጥሎ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የተዛወረ ፊከስ እንኳ ጥቂት ቅጠል ማርገፉ አይቀርም። ሥሩ በጤናማ አፈር ውስጥ ከሆነ አዲስ የሥር ፀጉር ለማውጣት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ መርገፉ ጋብ ማለት ነበረበት። የእርስዎ እየባሰበት መሄዱ ሌላ ነገር እንዳለ ይናገራል።

ያ ሌላ ነገር የአየር ማነስ ነው። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ቀዳዳዎች በውኃ ከተሞሉ ኦክስጅን ወደ ሥሩ የሚደርስበት መንገድ ይዘጋል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያም መበስበስ ይጀምራል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንኳ አይጠጣም። ለዚህ ነው እርጥብ አፈር ላይ ያለ ተክል ልክ ውኃ እንደተጠማ ሆኖ የሚጠወልገው። ባለቤቱ ጥም መስሎት ያጠጣዋል፤ ባጠጣው ቁጥር ሥሩ ይበልጥ ይታፈናል። በቤት ውስጥ ተክሎች ላይ ከተባይም ከበሽታም ይልቅ ብዙ የሚገድለው ይህ ዙር ይመስለኛል። እርጥብ አፈር ላይ ጠውልጎ ያገኙት ተክል ውኃ አይሰጠውም።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎረቤት «ቀይ አፈር ለቫዞ አይሆንም» ሲል የጅማ አፈር መጥፎ የሆነ ይመስላል። አይደለም። የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል የሚሉት ይህ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ በቦታው ሳለ ውኃ ያሳልፋል፤ ያን ሁሉ ቡና የተሸከመውም እርሱ ነው። የሸክላ መጠኑ ከፍተኛ ቢሆንም ቅንጣቶቹ ተያይዘው ትንንሽ ጓል ስለሚሠሩ በመካከላቸው አየርና ውኃ ይመላለሳሉ። ያንን አሠራር የሚጠብቁት የዛፍ ሥር፣ የምድር ትልና የረገፈ ቅጠል ናቸው። ቆፍረን፣ ደቁሰን፣ ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቀን በየቀኑ ውኃ ስናፈስበት ጓሉ ይፈርሳል፤ ደቃቁ ሸክላም ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ሜዳው ላይ የሚያስመሰግነው አፈር ባልዲ ውስጥ ጭቃ ይሆናል።

የቫዞ ጥልቀት ማነስም ራሱን የቻለ ችግር ነው። መሬት ላይ ውኃው ወደ ታች ርቆ ይሄዳል፤ ቫዞ ውስጥ ግን ታችኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ አጥግበው በጠፍጣፋው አግድም ይያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ ያቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። የውኃው ዓምድ ሲረዝም ብዙ ይወርዳል፤ ሲያጥር ብዙ ይቀራል። ቫዞ ሁልጊዜ አጭሩ ስፖንጅ ነው፤ ከታቹ ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ካጠጡ በኋላ ጠግቦ ይቆያል።

እዚህ ላይ ጠጠሩ ይመጣል። ከሥር ጠጠር ማንጠፍ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ልማድ ነው፤ ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። ሆኖም ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልልቅ ጠጠር በቀላሉ አያልፍም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን ክፍል ከባልዲው ወለል አንሥቶ ወደ ሥሩ አስጠጋው እንጂ አላደረቀውም። የሚያስፈልገው ከሥር ብዙ ቀዳዳና ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ነው። ባልዲው ቀዳዳ እንዳለው አልነገሩኝም። ከሌለው የእስካሁኑ ማብራሪያ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ጥፋቱ እርሱ ነው።

ትልቅ ባልዲ መምረጥዎም ዋጋ አስከፍሏል። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውስጥ ያለውን ውኃ የሚጠጣው ስለሌለ ለብዙ ቀን ይከማቻል። አዲሱ ቫዞ ከቀድሞው በአፉ ስፋት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢበልጥ ይበቃል። «አንዴ በትልቁ ላድርገውና ልረፍ» የሚለው ሐሳብ ለሰውየው ዕረፍት ነው።

ወደ ገለፈቱ ልለፍ። ጅማ ተቀምጦ የቡና ገለፈትን አትጠቀሙ የሚል ሰው አይሰማም፤ እኔም አልልም። የበሰበሰ ገለፈት ጥሩ ነገር ነው፤ አፈር ያለሰልሳል፣ ፖታሲየምም አለው። ጥሬው ግን ሌላ ነው። መበስበሱን የሚጀምረው ባልዲው ውስጥ ስለሆነ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት የአፈሩን ኦክስጅን ይሻማሉ፣ ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዳሉ፣ ክምሩም ይሞቃል። በዚያ ላይ ጥሬ ገለፈት ውስጥ ካፌይንና ለጋ ሥር የሚጎዱ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ። ከላም እበትና ከቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ ለወራት መቆየት አለበት። ጠቁሮ፣ ቅርጹ ጠፍቶ፣ ሲያሸቱት የጫካ አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል። የሚኮመጥጥ ወይም የጠላ ሽታ ካለው ገና ነው።

ስለ ዩሪያው ደግሞ እናስላው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ የእርሻ ማዳበሪያ ነው። አንድ ገበሬ በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ቢበትን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ነው። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባልዲ የካሬ ሜትር አንድ አሥራ አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በዚያ ልክ ድርሻው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እርስዎ ያደረጉት እፍኝ ሙሉ ነው፤ ያውም ሥሩ ለተበጠሰ ተክል። በአፈሩ ውኃ ውስጥ የሟሟው ነገር ሲበዛ ውኃ ከሥሩ ወደ አፈሩ ይሳባል እንጂ ከአፈሩ ወደ ሥሩ አይገባም። ዩሪያው ሲፈርስ የሚወጣው አሞኒያም ለጋ ሥር ያቃጥላል። ማዳበሪያ የሚያድግ ተክል ምግብ ነው፤ የታመመ ተክል መድኃኒት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ደረቅ ጠዋት ይምረጡ፤ ሐምሌ ውስጥ ከተገኘ ማለቴ ነው። በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ያንጥፉ፣ ባልዲውን ያጋድሙ፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው ተክሉን ከነአፈሩ ያንሸራትቱት። ግንዱን ይዘው አይጎትቱ። በመጀመሪያ ያሽትቱት፤ የረግረግ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው ሥሩ መታፈኑን ያውቃሉ። ቀጥሎ ሥሩን በጣትዎ ይፈትሹ። ጤናማ ሥር ሲጫኑት ጠንከር ይላል፤ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ነው። የበሰበሰው ጠቁሮ ይላላል፤ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ እጅዎ ላይ ይቀርና መካከሉ እንደ ክር ብቻውን ይወጣል። ይህንን በአልኮል በተጠረገ ስለታም መቀስ ጤናማው ክፍል እስኪደርሱ ይቁረጡት። ፊከስ የዋርካ፣ የሾላና የኦዳ ዘመድ ስለሆነ በተቆረጠ ቁጥር ነጭ ወተት ያፈስሳል። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችንም ያርቁ።

አዲሱን ቅይጥ አፈር፣ ማለትም ገለፈቱን፣ ቀዩን አፈርና የዩሪያውን ፍሬ፣ በሙሉ ያራግፉ። ከድሮው ቫዞ አብሮት የመጣውን፣ ሥሩ ያቀፈውን አፈር ግን ካልሸተተ በስተቀር አይንኩት። የተረፈው የሥር ፀጉር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «በደንብ ልጠበው» ብሎ ሥሩን በቧንቧ ውኃ የሚያራቁት ሰው የቀረውንም ይጨርሰዋል።

የቀረው ሥር ከድሮው ቫዞ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ወደዚያው ይመልሱት፤ አያፍሩ። የሸክላ ቫዞ ከተገኘ ለክረምት ይመረጣል፤ በጎኑ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል። አፈሩን እንዲህ ቢያዘጋጁት እመክራለሁ፤ ሁለት እጅ ከዛፍ ጥላ ሥር የተወሰደ ጥቁር ለም አፈር፣ አንድ እጅ የደረሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። አሸዋው ለልስን የሚሆነው ደቃቁ አይሁን፤ እርሱ ከሸክላው ጋር ተዋሕዶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከመትከልዎ በፊት ቅይጡን ባዶ ቫዞ ውስጥ አድርገው ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው ላዩ ላይ ከተኛ አሸዋ ይጨምሩ። ተክሉን ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ያስቀምጡት፣ ግንዱን አይቅበሩ፤ አፈሩን በቡጢ አይጠቅጥቁ፣ ቫዞውን መሬት ላይ ነካ ነካ ሲያደርጉት ራሱ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ አጠጥተው ከሥር የወጣውን ውኃ ከሳሕኑ ይድፉ።

ከዚህ በኋላ «በስንት ቀኑ ላጠጣ?» ብለው አይጠይቁኝ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝ ከተማ፣ ያውም በሐምሌ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ደመናው ፀሐዩን ስለሚሸፍን ቅጠል የሚያተንነው ትንሽ፣ ከአፈሩ የሚደርቀውም ትንሽ ነው። ለበጋ የተነገረ የቀን ቆጠራ በክረምት ያሰምጣል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ያልፉት። ቫዞውን ማንሣት ደግሞ ከጣትም ይሻላል፤ ክብደቱ ሲቀል እጅዎ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይለምደዋል። ሲያጠጡ ግን በማንኪያ አይሁን፤ ከሥር እስኪወጣ አጠጥተው እንደገና እስኪቀል ይተዉት። ከአፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ብድግ ብድግ ካሉ አፈሩ አሁንም ከሚገባው በላይ እርጥብ ነው ማለት ነው።

ቦታውን በተመለከተ ፊከስ ሲንቀሳቀስ ያኮርፋል። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ያደረጉት ምልልስ ብቻውን ቅጠል ያራግፋል። ጥላ ውስጥ የወጣ ቅጠል ለቀጥታ ፀሐይ አልተሠራም፤ ድንገት ሲያገኘው ይነድዳል። ብሩህ ሆኖ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው አንድ ቦታ ይምረጡና እዚያው ይቆይ። የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ የምሥራቅ መስኮት በጣም ጥሩ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች «የደቡብ መስኮት ፀሐያማ፣ የሰሜን መስኮት ጨለማ» የሚሉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። አሁን የሰሜን መስኮትዎ ከደቡቡ የተሻለ ብርሃን ያገኛል፤ ታኅሣሥ ላይ ይገለበጣል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተክሉ ያለበት ሳሎን ቡና የሚፈላበት ከሆነ ከከሰል ምድጃውና ከዕጣኑ ያርቁት። በደንብ ያልነደደ ከሰልና ጭስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ኤቲሊን ተክሎች ራሳቸው ቅጠል ለመጣልና ፍሬ ለማብሰል የሚጠቀሙበት ነው፤ ፊከስ ደግሞ ለዚህ ጋዝ ስስ ነው። ቡናዎን ይጠጡ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ተክሉን ወደ ሌላው ጥግ ያድርጉት። የጀበናውን አተላ ቫዞው ላይ መድፋትም ለጊዜው ይቅር፤ አፈሩን ያረጥባል፣ ይሻግታል፤ ጨው የገባበት ቡና ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም።

ቅርንጫፍ ልቁረጥ ወይ ብለዋል። ሥሩ ስለቀነሰ ቅጠሉም በዚያው ልክ ይቀነስ የሚለው የቆየ ምክር ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ ሥር የሚበቅለው ቅጠሉ በሚሠራው ስኳርና ከቡቃያው በሚወርደው ሆርሞን ነው። የትኛውን ቅጠል መጣል እንዳለበት ተክሉ ከእኛ የተሻለ ያውቃል። የሞተውን ብቻ ይቁረጡ። የሞተውን ለመለየት ቅርፊቱን በጥፍርዎ በቀስታ ይፋቁ። ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ወተት ካዘለ ሕያው ነው፤ ቅጠል ባይኖረውም ይጠብቁት። ደርቆ ቡናማ ከሆነ አረንጓዴው እስኪገኝ ወደ ታች እየፋቁ ይውረዱና እዚያ ላይ ይቁረጡት።

የሚረግፈውን ቅጠል ሳይመለከቱ አይጣሉት። ገርጥቶ፣ ለስልሶ፣ ከውስጠኛው ቅርንጫፍ የሚረግፈው የውኃ ብዛት ነው። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለው የማዳበሪያው ነው። አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት የሚወርደው ደግሞ የቦታ ለውጥ፣ የብርድ ወይም የጭስ ነው። የእርስዎ ምናልባት ሦስቱም አለበት።

አፈሩ ከተቀየረ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል መርገፉ ይቀጥላል፤ ቀድሞ የተጎዳው ቅጠል ነው የሚወድቀው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጥና አንድ ነገር ይጨምራል። ጅማ ዙሪያ የቡና ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችን ይመልከቱ፤ ችግኙን ከነአፈሩ ያዛውራሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ጥላ ይሠሩለታል፣ ጥላውንም ቀስ በቀስ ነው የሚያሳሱት። ከዚያ ውጭ በየቀኑ ሄደው አይነካኩትም። የእርስዎ ፊከስ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ሹል ቡቃያ ማሳየት አለበት። ያ ቡቃያ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ሥሩ መያዙን ያውቃሉ፤ ምግብ የሚሰጠውም ያኔ ነው። መስከረም ውስጥ ከደረሰ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ ይነስንሱለት፤ ዩሪያ አያስፈልገውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጅማ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ በረንዳ ላይ አያሳድሩት፤ ከመስኮቱ መስታወትም ትንሽ ራቅ ያድርጉት።

ሥሩ ሙሉ በሙሉ በስብሶ ካገኙት ደግሞ ግንዱን በጥፍር ፍቀው አረንጓዴ ከሆኑት ቅርንጫፎች አራት አምስት ይምረጡ። እያንዳንዳቸው አንድ ስንዝር ይሁኑ፤ የታችኛውን ቅጠል አንሥተው ወተቱን በውኃ አጥበው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይትከሏቸው። በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነው ጥላ ውስጥ ያኑሯቸው፤ ሻጋታ እንዳይዝ በየቀኑ ለአፍታ ይክፈቱት። ከመካከላቸው ሥር የሚያወጣ አይጠፋም።